የሦስቱ በሮች ክርክር

የዕድል ጨዋታ የሰውን ልብ የሚማርከው ባለጸጋውንና ድኻውን፣ የተማረውንና ያልተማረውን በአንድ ደጃፍ እኩል ስለሚያቆም ነው። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የተጀመረው፣ ሞንቲ ሆል ይመሩት የነበረው «ሌትስ ሜክ ኤ ዲል» የተባለው ጨዋታም እንዲሁ ብዙ ተመልካች አገኘ።

ከዚሁ ጨዋታ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ተወለደ። በ1975 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ ሊቁ ስቲቭ ሴልቪን አቀረቡት፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ማሪሊን ቮስ ሳቫንት «ፓሬድ» በተባለው መጽሔት ለሕዝብ አደረሱት። ከ3 የተዘጉ በሮች በስተኋላ 1 አውቶሞቢልና 2 ፍየሎች አሉ። ተጫዋቹ አንዱን በር ይመርጣል፤ ምስጢሩን የሚያውቀው የጨዋታው መሪ፣ ደንቡ ስለሚያስገድደው፣ ከቀሩት ፍየል ያለበትን ይከፍታል። ተጫዋቹ ምርጫውን ቢለውጥ ይሻለዋልን?

ጸሐፊዋ «መለወጥ ይሻላል» ብለው ቢመልሱ 10,000 ያህል ደብዳቤ ጎረፈባቸው። ወደ 1,000 የሚጠጉት ባለዶክተር ማዕረግ ከሆኑ ሰዎች የተላኩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም «ተሳስተዋል» የሚሉ ነበሩ።

ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። መጀመሪያ የተመረጠው በር ዕድሉ ሲሶ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሲሶ በቀሩት ላይ ነው። መሪው ፍየል ያለበትን ለይቶ ሲከፍት፣ ሁለቱ ሲሶ ሳይጎድል ለተዘጋው ይቀራል።

ጸሐፊዋም መምህራን ነገሩን በክፍል ውስጥ እንዲፈትኑት ጠየቁ፤ ተማሪዎችም ደጋግመው ሞክረው ውጤቱን ቢቆጥሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ማዕረግ ባለቤቱን ያስከብራል እንጂ ቁጥርን አይለውጥም፤ ስለዚህ አዋቂም ቢሆን ከመፍረዱ በፊት ይቁጠር።