ማይግሬን፦ ከራስ ምታት ውጪ ያሉ ምልክቶች

ማይግሬን የአንጎል ሕመም ነው፤ ራስ ምታቱ ከመልኮቹ አንዱ ብቻ ነው። ራስ ምታቱ ከመነሣቱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ቀን አስቀድሞ ተደጋጋሚ ማዛጋት፣ የአንገት መገተር፣ ብስጭት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ወይም የምግብ አምሮት ይታያል። ብዙዎች ድካም ነው ብለው ያልፉታል፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

ከታማሚዎቹ ሲሶ የሚሆኑት ደግሞ «ኦራ» የሚባል ጊዜያዊ የእይታ፣ የስሜት ወይም የንግግር መዛባት ይገጥማቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእይታ ነው፦ ትንሽ ብዥታ ይፈጠርና ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሰባበረ፣ እያብረቀረቀ ወደ ዳር ይሰፋል። ምንጩ አንጎል በመሆኑ ዓይን ቢጨፈንም ሊታይ ይችላል። እንግሊዛዊው ሁበርት ኤሪ በራሱ ላይ ያየውን በሥዕል አስደግፎ በ1870 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌያዎ በ1944 እ.ኤ.አ. በጥንቸል አንጎል ላይ የገለጸው፣ በደቂቃ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚጓዝ የነርቭ እንቅስቃሴ መዳከም የኦራ መነሻ እንደሆነ ዛሬ በሰፊው ይታመናል። መደንዘዝ ሲኖርም በዚያው ዝግታ ከጣት ወደ ክንድ፣ ከዚያ ወደ ከንፈርና ምላስ ይወጣል። ቃል የሚጠፋባቸውም አሉ።

ኦራ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፤ ራስ ምታት ሳይከተለው ሊያልፍም ይችላል። በልጆች ላይ ማይግሬን አንዳንዴ ተመላላሽ የሆድ ሕመም ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ኦራ ከስትሮክ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ነገር ግን በስትሮክ ምልክቱ በአብዛኛው ድንገት ነው የሚከሰተው። ስለዚህ በድንገት የመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ወይም ከአንድ ሰዓት ያለፈ መደንዘዝ፣ የአካል መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ያጋጠመው ሰው ሳይዘገይ ሆስፒታል ይሂድ።