የሁለት ሴቶች አደባባይ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን የሰብሳቢ ጥቆማ ሲጠየቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዷ እህታችን "አልተማርኩም" አለች፤ ሌላዋ "ሰው ፊት መናገር አልችልበትም" አለች። እኔም ስሜ እንዳይጠራ አንገቴን ደፍቼ ነበር። "ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት" የሚለው ተረት በሌሎች አፍ ሲነገር ያናድደኛል፤ ያን ቀን ግን ከራሴ ልብ ውስጥ አገኘሁት። ስለዚህ ከማጀት ወደ አደባባይ የወጡ የሁለት ሴቶችን ታሪክ ላካፍላችሁ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ራሳቸው የተማሩ ስለነበሩ ሴት ልጃቸውን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ላኩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ወይዘሮ ስንዱ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም በኢጣሊያ አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ሴት ልጆችን አስተማሩ፤ ቲያትርም ጻፉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ አሸንፈው በአገራችን ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

"እሳቸውማ የከንቲባ ልጅ ናቸው" የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ በር የከፈተላቸው አባት ነበራቸው። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁን ግን ለአደባባይ ያበቃቸው ክራራቸውና ድምፃቸው ነው። የዘመናዊ ቲያትራችን መድረክ ሲጀመር የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር። ወይዘሮ አስናቀች በ1940ዎቹ መድረክ ላይ ወጡ፤ ዛሬም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የመድረክ ተዋናይት ተብለው ይታወሳሉ። በዚያ ዘመን "አዝማሪ" መባል ስድብ ነበር። እሳቸው ግን ክራራቸውን አላስቀመጡም፤ መስከረም 2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ስማቸው ከክራር ጋር ይነሳ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ስጽፍ እጄ ያለ ችግር ምሁሯን "እርሳቸው" ሲል፣ ዘፋኟን "እርሷ" እያለ አስቸገረኝ። መልሼ አረምኩት። ሌላው ሰው ከማያከብረን በፊት እኛው እርስ በርሳችን ማዕረግ የምንቀናነስበትን ልማድ በገዛ ብዕሬ ስላየሁት አፈርኩ።

ከሁለቱ የተማርኩት ይህ ነው፦ ትምህርት ያላትም፣ ሙያ ብቻ ያላትም ሴት በመጀመሪያው ቀን ብቻዋን ነው የምትቆመው። ወይዘሮ ስንዱ ሌሎች ሴቶችን አስተማሩ። የእኛም ማኅበር ሥራ ይኸው ነው። በር የሚከፍት አባት ለሌላት ልጅ በር የሚከፍት እናት መሆን። ደጋፊዎቻችን የምትሰጡን ገንዘብ ደብተርና ስፌት መኪና ይገዛል፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገርን ግን እኛው እርስ በርስ ካልተለማመድን ማንም አይገዛልንም።

የሚቀጥለው ጉባኤ ጥቆማ ሲጠየቅ አንገቴን አልደፋም። ከአጠገቤ የምትቀመጪው እህቴ፣ አንቺም እጅሽን አውጪ።