ኢንተርኔት ሳይኖር ፓይተንን ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ለመጫን

ሰኔ 23 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ወስዷል። ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ ቢሮው ውስጥ የራሱን ሰርቨር ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሳይመጣ ቢዘጋጅ ይሻላል ብለን ይህችን አዘጋጅተናል።

1. ያለውን እዩ። ኡቡንቱ 22.04 ከፓይተን 3.10፣ 24.04 ደግሞ ከ3.12 ጋር ነው የሚመጣው። አሮጌ ነው ብላችሁ እንዳታጠፉት! ሲስተሙ ራሱ ስለሚጠቀምበት ሌላም ነገር ይዞ ይወድቃል።

2. ኔት እያለ አውርዱ። ያው ኡቡንቱ አዲስ የተጫነበት፣ ፕሮሰሰሩም ተመሳሳይ የሆነ ኮምፒውተር ፈልጉ። የቬንቭን ጥቅል በአፕት "ዳውንሎድ ኦንሊ" ምርጫ፣ ላይብረሪዎቹን በፒፕ "ዳውንሎድ" ትእዛዝ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ያዙ።

3. ሰርቨሩ ላይ ጫኑ። የቬንቭን ጥቅል በዲፒኬጂ ጫኑና ለፕሮጀክታችሁ ለብቻው ቬንቭ ፍጠሩ። ከዚያ ፒፕን "ኖ ኢንዴክስ" በሉት፣ በ"ፋይንድ ሊንክስ" ደግሞ ፍላሹን አሳዩት። በቃ፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። 24.04 ላይ ከቬንቭ ውጭ ከሞከራችሁ ግን ፒፕ እንቢ ይላችኋል።

ኔት ሲመለስ አፕዴት ማድረጉን አትርሱ፤ ፍላሽ ላይ የቆየ ጥቅል የደህንነት ማስተካከያ ያመልጠዋል።

ሰርቨር ለሚያስተዳድር ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።