የሞዴል ጄት ቀለምና አጨራረስ

ኤፍ-5ኢ በኦጋዴን ጦርነት (1969–1970 ዓ.ም.) ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር የተፋለመ የአየር ኃይላችን ጄት ነው። 14.45 ሜትር ርዝመቱ በ1/72 ሚዛን ሲቀነስ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ መጠን ወፍራም ቀለም የአካሉን ስስ መስመሮች ስለሚደፍን፣ ሁሌም የምከተለው ቅደም ተከተል አለኝ።

በመጀመሪያ የፕላስቲክ ክፍሎቹን በሳሙና ውኃ አጥባለሁ፤ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። መጋጠሚያዎቹን በስቱኮ ሞልቼ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ግራጫ ፕራይመር የተደበቀውን ስንጥቅና ጭረት ያጋልጣል። ከዚያም ቀለሙን አቅጥኜ፣ ነጣ ያለውን አስቀድሜ፣ በስሱ እየደጋገምኩ እረጫለሁ። መስኮት መከፈት አለበት፤ የማቅጠኛው ትነት ጤና ይጎዳል።

የብዙ ሳምንት ልፋት የሚበላሸው ቀጥሎ ነው። ዴካል የሚባሉት ተለጣፊ ምልክቶች ሻካራ ቀለም ላይ ካረፉ፣ ከሥራቸው አየር ይቀርና እንደ ብር ያብለጨልጫሉ። ስለዚህ አስቀድሞ አንጸባራቂ ቨርኒሽ መቀባት ግድ ነው። ምልክቶቹ ሲደርቁ የማያብለጨልጭ ቨርኒሽ ሁሉንም አንድ ያደርጋል። የአብራሪውን መስታወት የሸፈነው ፕላስተር የሚነሳው በመጨረሻ ነው፤ አለዚያ ቨርኒሹ መስታወቱን ያደበዝዘዋል።