የራስና የገላ ቆዳ ሕመም የቤት መድኃኒት፤ የተጻፈውና ያልተጻፈው

የኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጻፈው በብራና ላይ ከተገኘው ማስረጃ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ደብተራው የመድኃኒቱን ስም፥ ሥሩ የሚማስበትን ቀንና የሚደገመውን ጸሎት ጽፎ ሲያስቀምጥ፥ የቤት እመቤት ግን የምታውቀውን ለልጅዋ በእጅዋ አሳየች እንጂ አልጻፈችም። ሆኖም እንደ ላሽ፥ እንደ ጭርትና እንደ እከክ ያለው፥ ሰውን ሳይገድል በቀላሉም የማይለቅ ሕመም ወደ ደብተራው ደጅ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ መድኃኒት ከተሞከረ በኋላ ነው። ስለዚህ የዚህ ዐይነቱ ሕመም ታሪክ ከመጻሕፍት ብቻ ቢመረመር የሚገኘው የነገሩ ፍጻሜ እንጂ መላው ነገር አይሆንም። ከዚህ በታች በደጋውና በወይና ደጋው አገር የአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ የራሱንና የገላውን ቆዳ እንዴት ሲጠብቅና ሲያክም እንደኖረ፥ የተጻፈው ከአልተጻፈው ጋር እየተነጻጸረ ይቀርባል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሕመሞቹ ስም

አማርኛ ለቆዳ ሕመም ብዙና እርስ በርሳቸው የተለዩ ስሞች አሉት። በልጆች ራስ ላይ ጠጉርን በየቦታው እያረገፈ ሻካራ ቆዳ የሚተወው ላሽ ይባላል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለና እየሰፋ የሚሄደው ጭርት ነው። በአንገት፥ በደረትና በፊት ላይ ቆዳውን በነጠብጣብ የሚያነጣው ቋቁቻ፥ ውሃ እያዠ የሚቀርፈው ችፌ፥ በጣቶች መካከል ገብቶ ሌሊት የሚያሳክከው እከክ፥ ይልቁንም በፊት ላይ ወጥቶ ጠባሳ የሚተወው ቁንጭር ይባላል። የዛሬው ሕክምና ላሽን፥ ጭርትንና ቋቁቻን ከፈንገስ ወገን፥ እከክን ቆዳ ሰርስራ ከምትገባ እጅግ ትንሽ ተባይ፥ ቁንጭርን ደግሞ በትንሽ ዝንብ ንክሻ ከሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጡ ናቸው ይላል። እንግዲህ ሕዝቡ በዐይኑ አይቶ የለየው በማጉያ መሣሪያ ከታየው ጋር በብዙው ይስማማል።

ስሞቹ ሁሉ ግን እኩል ዕድሜ የላቸውም። ከራስ ላይ እንደ ብናኝ የሚራገፈውን ቅርፊት ዛሬ ከተሜው የሚጠራበት ፎረፎር የሚለው ቃል ከጣልያንኛው ፎርፎራ የተወረሰ ይመስላል። ሕመሙ ጥንታዊ ሲሆን ስሙ አዲስ መሆኑ፥ የቆዳ ሕመምን የመሰየም ሥልጣን ከቤት ወደ መድኃኒት መደብር መሻገሩን ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ ነው።

የስም ነገር የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የሰውን ኑሮም ይወስን ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 13 ካህኑ የቆዳን ሕመም እንዴት እንደሚመረምር ሲዘረዝር፥ በራስና በጢም ላይ የሚወጣውን ለብቻው ያነሣል፤ ሕመሙ ያለበት ስፍራ ሳይነካ ዙሪያው ተላጭቶ ሰውየው ሰባት ቀን ተለይቶ እንዲጠበቅም ያዛል። ይህን ሕግ በሚያነብ ኅብረተሰብ ውስጥ ለምጽ የሚለው ስም ከባድ ነው። በንግግር ግን ለምጽ ማለት ቀለሙን ብቻ ያጣ፥ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ቆዳ ማለትም ሊሆን ይችላል። ቋቁቻውን ወይም የነጣ ቆዳውን ከሥጋ ደዌ ጋር ያመሳሰሉበት ሰው ከማኅበርና ከጋብቻ ሊርቅ ይችል ነበር። ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ ብዙውን ጊዜ ሲነኩት እንደማይሰማ፥ የሚያሳክከውና የሚሰማው ግን በብዙው ሌላ ሕመም እንደ ሆነ ማወቁ ይህን ጉዳት ለማስቀረት ታላቅ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር በ1965 የተቋቋመው፥ አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከልም ከጊዜ በኋላ የሌላውም የቆዳ ሕመም ሁሉ ማከሚያ መሆኑ የሁለቱን ነገር መቀራረብ ያሳያል።

ማጠብ፥ መቀባት፥ መላጨት

የቤቱ ሕክምና በሦስት ሥራዎች ላይ የቆመ ነበር። የመጀመሪያው ማጠብ ነው። ሳሙና በየገበያው ከመዳረሱ በፊት የአገሩ ሳሙና እንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፥ በውሃ ይዘፈዘፋል፥ ሲታሽም ብዙ አረፋ ይወጣዋል። ነጩ ሸማ የሚጸዳው በዚህ ነው፤ እከክና ጭርት የያዘው ገላም በእንዶድ ይታጠብ ነበር። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚያጠፋ ማስረዳታቸው የታወቀ ነው፤ ለዚህም ሥራቸው በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ለብዙ ዘመን በየወንዙ ሲሠራበት የኖረ የቤት ዕውቀት ለሳይንስ መነሻ የሚሆነው የሚመለከተው ዐይን ሲያገኝ መሆኑን ይህ ታሪክ ይመሰክራል። እንዶድ ግን ዐይንንና አፍንጫን ይለበልባል፥ ቢጠጣም መርዝ ነው፤ በቆሰለ ራስ ላይ ማፍሰስም ሕመሙን ማባስ ነው።

ከማጠብ ጋር የሚሄደው ልብስንና መኝታን ማጽዳት ነው። የሚተኙበትን ቁርበት አራግፎ በፀሐይ ማስጣት፥ ልብስን በፈላ ውሃ መዘፍዘፍ ለእከክ ከማናቸውም ቅባት የማያንስ ጥቅም አለው፤ የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየች ከጥቂት ቀን በላይ አትኖርምና።

ሁለተኛው መቀባት ነው። በደጋው ፀሐይና ነፋስ የደረቀ ራስ በለጋ ቅቤ ይለሰልሳል። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1840ዎቹ በትግሬ ተቀምጦ በነበረ ጊዜ እንደ አገሬው ራሱን ቅቤ ይቀባ እንደ ነበር በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጿል። ሴቶች ቅቤውን ከተወቀጠ የአደስ ቅጠል ጋር ለውሰው ይቀባሉ፤ አደስ ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ለራስ ማሳከክም ይፈለጋል። ቅቤ የደረቀውን ቆዳ እንደሚያለሰልስ፥ ቅርፊቱንም አርሶ እንደሚያነሣ አያጠራጥርም። ነገር ግን በራስ ቆዳ ላይ የሚኖረውና ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ተመግቦ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ቅቤው ሳይታጠብ ሲሰነብት ያሳከከውን ራስ የበለጠ ሊያሳክከው ይችላል። ስለዚህ መቀባትና ማጠብ እየተፈራረቁ ሲደረጉ ጥቅም የሰጠው ልማድ፥ አንዱ ከሌላው ሲለይ ጉዳት ይሆናል።

ሦስተኛው መላጨት ነው። የልጅ ራስ ተላጭቶ ለወንዱ ቁንጮ፥ ለሴቷ ጋሜ ይተውለት ነበር፤ ለጋብቻ የደረሰችው ልጃገረድም በሳዱላዋ ትታወቅ ነበር። እነዚህ የዕድሜ ምልክቶች በኢትዮጵያ ልማድ አጥኚዎች ዘንድ በሚገባ የታወቁ ናቸው። የማይነሣው ግን የጤና ጥቅማቸው ነው፤ የተላጨ ራስ ቅማል አያስጠጋም፥ ቁስሉ ይታያል፥ መድኃኒቱም ይደርስለታል። ይህም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አልነበረም። አንድ ምላጭ ብዙ የልጅ ራስ ሲዞር፥ አንድ ሚዶም ለመላው ቤተ ሰብ ሲያገለግል፥ ላሽ ከልጅ ወደ ልጅ ይሻገራል።

መራራውና የሚፋጀው

ሦስቱ ሥራዎች ያላሸነፉትን ሕመም መራራና የሚፋጅ ነገር ይከተለዋል። የእሬት ዝልግልግ ውሃ ለተቃጠለና ለቆሰለ ቆዳ፥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ለጭርትና ለላሽ፥ የቁልቋል ወተት ለኪንታሮትና ለደረቀ ጭርት፥ ድኝ ከቅቤ ጋር ተለውሶ ለእከክ ይቀባል። ከእነዚህ መካከል ድኝ በዘመናዊው ሕክምናም የእከክ ቅባት ሆኖ ይሠራበታል። ነጭ ሽንኩርት ፈንገስንና ባክቴሪያን የሚያዳክም ነገር አለው፤ ዳሩ ግን በቆዳ ላይ ታስሮ ቢያድር ያቃጥላል። የቁልቋል ወተት ወደ ዐይን ቢገባ ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሴቶች እጃቸውንና እግራቸውን የሚያቀልሙበት የእንሶስላ ሥር ደግሞ ጌጥና መድኃኒት በአንድነት የተገኙበት ነው፤ የእግር ጣትን መላላጥ ይከላከላል ሲባል ለኖረው፥ በሥሩ ውስጥ ፈንገስን የሚገታ ንጥረ ነገር መገኘቱ ድጋፍ ይሰጠዋል።

በዚህ ወገን ብዙ ታሪክ ያለው አባሎ ወይም ዋጊኖስ የሚባለው ዛፍ ነው። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በተቅማጥ ታሞ በዚህ ተክል እንደ ዳነ ጽፏል፤ የተክሉም የሳይንስ ስም ብሩሲያ የተባለው ከእርሱ ስም ተወስዶ ነው። በአገሩ ግን ዋጊኖስ ለሆድ ብቻ ሳይሆን ለችፌ፥ ለጭርትና ለቁንጭርም ይፈለጋል። በ1973 ከዚሁ ተክል ብሩሲያንቲን የተባለ ብርቱ ንጥረ ነገር ተለይቶ ለነቀርሳ መድኃኒትነት ተሞክሮ ነበር፤ የተፈለገውን ያህል ባይጠቅምም የተክሉን ኃይለኛነትና መርዛማነት አስረድቷል።

የመጽሐፉ ድርሻ

የተጻፈው የመድኃኒት ዕውቀት ለምርምር የቀረበው ዘግይቶ ነው። ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተመ። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 በዋርሶ የመድኃኒት መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው፥ በ1973 ደግሞ ስለ ተክሎቹ ስምና አገልግሎት ያደረገውን ጥናት አወጣ። በ1989 የገላሁን አባተ «እፀ ደብዳቤ» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአማርኛ ታተመ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ መድኃኒትና ጸሎት፥ ሥርና አስማት ጎን ለጎን ይገኛሉ። መጽሐፉ ለባለቤቱ እንጀራ ስለ ሆነ ብዙው ነገር በምስጢር ይጠበቃል፤ መጠኑና አሠራሩም ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንዲሆን እንጂ ለማያውቅ እንዲያስተምር አልተጻፈም።

የቤቱ ዕውቀት ከዚህ ተቃራኒ ነው። እንዶድ መዘፍዘፍ፥ አደስ በቅቤ መለወስ ምስጢር አይደለም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይነጋገረዋል። ምስጢር የሆነው በመጻፉ ተጠበቀ፤ ሁሉ ያውቀው የነበረው ግን ማንም ሊጽፈው የሚገባ ስላልመሰለው ለመጥፋት ቀረበ። ፍል ውሃም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ገደማ የተቆረቆረችው የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ሰዎች ለመታጠብ ይወርዱበት በነበረው ፍል ውሃ አጠገብ መሆኑ በየታሪኩ መጽሐፍ ይነገራል፤ ነገር ግን ለቆዳ ሕመም ወደዚያ የሚወርደው ተርታው ሰው ስንት ቀን እንደሚታጠብ፥ ምን እንደሚቀባና ከምን እንደሚከለከል የሚናገር ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም።

የፈውስ ማስረጃ ችግር

የቤት መድኃኒትን የሚመረምር ሰው የሕመሙን ተፈጥሮ ሳያውቅ የመድኃኒቱን ዋጋ ሊመዝን አይችልም። ቁንጭር ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይሽራል፤ ላሽም ብዙውን ጊዜ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ይለቃል። ስለዚህ በመጨረሻ የተቀባው ቅጠል፥ በመጨረሻ የተጠመቁበት ጠበል ወይም በመጨረሻ የተከፈለው ባለ መድኃኒት ምስጋናውን ይወስዳል። ይህ ማለት ግን መድኃኒቶቹ ሁሉ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም፤ ድኝ ምስክር ነው። የሚያስፈልገው የተፈወሱትን ብቻ ሳይሆን ያልተፈወሱትንም መቁጠር ነው።

ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በ1910 ገደማ በአዲስ አበባ የመድኃኒት መደብር ከከፈቱ ወዲህ ቅባትና ሳሙና ቀስ በቀስ ወደ ቤት ገቡ፤ ቫዝሊንም የቅቤን ቦታ ተሻማ። ከ1958 ጀምሮ የታወቀው ግሪሲዮፉልቪን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት፥ ከላይ በሚቀባ ነገር በቀላሉ የማይደረስበትን ላሽ ከሥሩ ለማዳን አስቻለ። የዘመኑ ነገር ሁሉ ግን ከስሕተት የራቀ አይደለም። ያለ ሐኪም ምክር የሚቀባው የስቴሮይድ ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው አብርዶ ጭርቱን በውስጥ ያስፋፋል። የድሮው ሰው ሕመሙን በስሙ ለይቶ መድኃኒቱን ይመርጥ ነበር፤ ያለ መለየት የሚቀባ ቅባት ከዚህ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ስምን ከተክል ጋር የማስተባበሩ ሥራ ገና አላለቀም። አባሎ የሚለው ስም በአንዱ አገር ብርቱውንና መርዛማውን ዋጊኖስ፥ በሌላው አገር ደግሞ ከእርሱ ጋር ዝምድና የሌለውን ሌላ ዛፍ ይጠራበታል፤ በአንጻሩ ስሚዛና ሰንሰል ሁለት ስም ያለው አንድ ተክል ነው። ስለዚህ ከአንዲት ባልቴት የተሰማ መድኃኒት ቅጠሉ ከነፍሬው ተቆርጦ፥ የተገኘበት ወረዳ ተጽፎ፥ በ1959 በተመሠረተው በብሔራዊው የዕፀዋት ቤተ መዘክር ካለው ናሙና ጋር ካልተመሳከረ፥ በወረቀት ላይ የሰፈረው ስም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር መድኃኒቱን መርዝ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ሥራ መሥራት የሚቻለው እንዶድ ዘፍዝፈው፥ አደስ ወቅጠው ያደጉት እናቶች በሕይወት ሳሉ ነው።