አስታማሚዎች ያቆሟት ከተማ

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1894 ጎሕ ሳይቀድ ሦስት ሰዎች ከስዊዘርላንዷ የተራራ ከተማ ከዳቮስ ተነሡ። ማየንፌልደር ፉርጋ የተባለውን በር በስኪ፣ ከእግር ጋር በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ ተሻግረው አሮዛ ለመውረድ ነበር ሐሳባቸው። በር ማለቴ እኛ ጣርማ በር ስንል እንደምንለው ነው፤ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ያን ጊዜ ከላይ እስከ ታች በረዶ የለበሰ የተራራ መተላለፊያ። ሁለቱ ቶቢያስና ዮሐን ብራንገር የተባሉ የዳቮስ ወንድማማቾች ናቸው፤ መንገዱን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሄደውበት ያውቁታል። ሦስተኛው የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ነው። ቁልቁለቱ ሲበረታባቸው ስኪዎቻቸውን አጣምረው አሰሩና ተቀምጠውባቸው ሊወርዱ ሞከሩ። የዶይል ስኪዎች አምልጠውት ብቻቸውን ወረዱ፤ እሱም የቀረውን ቁልቁለት በመቀመጫው ተንሸራቶ ጨረሰው፤ ሱሪው ተበላ። አሮዛ ሆቴል ሲደርሱ ቶቢያስ የእንግዶችን መዝገብ ተቀብሎ ከዶይል ስም ትይዩ፣ ሙያ በሚለው ቦታ ላይ፣ ስፖርተኛ ብሎ ጻፈለት። ዶይል ታሪኩን በዚያው ዓመት ስትራንድ በተባለው የለንደን መጽሔት ላይ አወጣው፤ እንግሊዛውያን ለስኪ ሲሉ በመቶ በመቶ ሆነው ወደ ስዊዘርላንድ የሚጎርፉበት ጊዜ እንደሚመጣም ተነበየ።

ይህ ጉዞ የስኪ ታሪክ በተጻፈበት ሁሉ ይነሣል። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃል ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው። ዶይል ዳቮስ የተገኘው ስፖርት ፍለጋ አይደለም። ባለቤቱ ሉዊዛ የሳንባ ነቀርሳ እንደያዛት በ1893 ታውቆ ነበር፤ እሷን ይዞ ነው ወደዚያ ከፍታ የወጣው። አስታማሚ ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ ልክ ነበር። ዛሬ ጓደኛሞች ተጠራርተው ወደ በረዶ ተራራ ይወጣሉ፤ ቀኑን ሲንሸራተቱ ውለው ማታ በደመቀች ከተማ ሲበሉና ሲጠጡ፣ ሲጨፍሩም ያመሻሉ። ይህ ልማድ ከየት መጣ ቢባል ብዙ ሰው ከስፖርተኞች ይላል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ልማዱን የወለዱት በሽተኛ ይዘው የመጡ ጤነኞች፣ በአልጋ ዳር ተቀምጠው ቀኑ አልመሽ ያላቸው አስታማሚዎችና ጠያቂዎች ናቸው። ለዚህም ከዳቮስ የተሻለ ምስክር አላውቅም። የእኛ አገር ሰው ዳቮስን የሚያውቃት በየዓመቱ መሪዎችና ባለሀብቶች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው። ያ ጉባኤ የተጀመረው በ1971 ሲሆን፣ ያን ያህል እንግዳ ማሳደር የሚችለው ከተማ ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ መሠራት ጀምሯል።

ዳቮስ በ1,560 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሸለቆ ናት፤ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከብት የሚረባባት፣ ድርቆሽ የሚታጨድባት የገበሬ መንደር ነበረች። በ1853 አሌክሳንደር ሽፔንግለር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የአካባቢው ሐኪም ሆኖ መጣ። በ1849 በባደን በተነሣው አመፅ ተሳትፎ አገሩን ጥሎ የሸሸ፣ ዙሪክ ላይ ሕክምና የተማረ ስደተኛ ነው። ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር አስተዋለ፦ እዚያው ተወልዶ እዚያው በሚኖረው ሰው ላይ የሳንባ ነቀርሳ አያገኝም፤ ለሥራ ወደ ውጭ ወጥተው፣ በሽታው ይዟቸው የተመለሱትም አገራቸው ገብተው ሲከርሙ ይሻላቸዋል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪም ሳንባው የታመመን ሰው ለክረምት የሚልከው ወደ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ነበር። ሽፔንግለር ተቃራኒውን አለ፤ ደረቅ ብርድ፣ ጸጥ ያለ አየር፣ ከበረዶ ላይ የሚያንጸባርቅ ፀሐይ። ከዚያ ጋር ወተት፣ የቬልትሊን ወይን ጠጅ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በተራራ አይጥ ስብ መታሸት ያዝዝ ነበር። ዛሬ እንግዳ ይመስላል፤ ግን ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው ገና በ1882 ነው፤ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ደግሞ ሌላ ስድሳ ዓመት አለፈ። የንጹሕ አየርና የከፍታ ተስፋ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በእንጦጦ ግርጌ ያለውን፣ ለረጅም ዘመን በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የታወቀውን የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

በፌብሩዋሪ 1865 ፍሪድሪሽ ኡንገርና ሁጎ ሪሽተር የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን በሽተኞች በበረዶ ጋሪ ተጭነው ዳቮስ ገቡ። በብርድ ወራት ወደዚያ ሸለቆ በፈቃዱ የሚወጣ እንግዳ ያልተለመደ ነበርና መንደርተኛው ተገረመ፤ ሁለቱ ግን ተሻላቸው፤ ወሬውም ተሰማ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣውን ሰው ልብ እንበለው። ቪለም ያን ሆልስቡር ሆላንዳዊ ነው፤ የመርከብ ካፒቴን የነበረ፣ ኋላ ወደ ባንክ ሥራ የገባ። በ1867 የታመመች ሚስቱን ይዞ መጣ፤ ሚስቱ አልዳነችም፤ እሱ ግን እዚያው ቀረ። ከሽፔንግለር ጋር ሆኖ የበሽተኞች ማረፊያ አቋቋመ። ከላንድክዋርት ተነሥቶ በ1890 ዳቮስ የደረሰው የባቡር መሥመርም የሱ ድካም ውጤት ነው፤ ዛሬ ስኪውን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚመጣው እንግዳ የሚወጣው በዚያው ሐዲድ ነው። ከከተማዋ በላይ ሻትዛልፕ የተባለውን ታላቅ ሳናቶሪየም፣ የሳንባ በሽተኞች መታከሚያ፣ ያሰበውም እሱ ነው፤ በ1898 ሞተና በ1900 ሲከፈት አላየውም። እንግዲህ ሐዲዱንም ታላቁን ሕንፃም ያሰበው አስታማሚ ሆኖ መጥቶ ሐዘንተኛ ሆኖ የቀረ ሰው ነው።

የበሽተኛው ቀን ምን ይመስል እንደነበር በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ይመነጫልና። ካርል ቱርባን በ1889 በዳቮስ የከፈተው ሳናቶሪየም ጥብቅ ሥርዓት ነበረው። በሽተኛው ወደ ደቡብ በተከፈተ ሰገነት ላይ፣ በተጋዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በቀን ብዙ ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ ይተኛል። በረዶ ቢጥልም ይተኛል። ትኩሳቱን በየጊዜው ይለካል፤ አክታውን ኪሱ ውስጥ በያዛት ሰማያዊ ጠርሙስ ይተፋል። ብዙ ማውራት አይፈቀድም። ይህ ለሳምንት አይደለም፤ ለወራት ነው፤ ለአንዳንዱም ለዓመታት። አሁን አጠገቡ ያለውን ጤነኛ እናስብ፤ ባል፣ እናት፣ እኅት፣ ልትጠይቅ የመጣች ጓደኛ። እኛ ዘንድ አስታማሚ ምግብ ያመላልሳል፣ ያጥባል፣ ያነሣል፣ ያስተኛል፤ እዚያ ግን ያንን ሁሉ ነርስ ትሠራዋለች። ለሱ የቀረው ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው፣ ጉልበት ያለው፣ ሥራ የሌለው፣ ከበሽተኛው ሊርቅ የማይችል ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ሸለቆ፣ በፀሐያማ ብርድ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ የበረዶ ሜዳ ላይ ጨዋታ ባይፈጠር ነበር የሚገርመው።

የተፈጠረውም በየተራ ነው። መጀመሪያ በበረዶ ግግር ላይ መንሸራተት፣ ቀጥሎ የአገሬው ሰው እንጨትና ድርቆሽ የሚያወርድበት ትንሽ የበረዶ ጋሪ። በ1883 ከዳቮስ ወደ ክሎስተርስ በሚወርደው መንገድ ዓለም አቀፍ የበረዶ ጋሪ ውድድር ተደረገ፤ ሁለት ሰዎች እኩል አንደኛ ወጡ፤ አንዱ አውስትራሊያዊ ተማሪ፣ ሌላው የክሎስተርስ ፖስተኛ። ፖስተኛው በየቀኑ ለእንጀራው የሚመላለስበትን መንገድ ነው ለእንግዶቹ ጨዋታ የወረደበት። እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ውድድሩን ያዘጋጀው ጆን አዲንግተን ሲሞንድስ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ራሱ በሽተኛ ነበር፤ ታዲያ አስታማሚን ምን አመጣው? ልክ ነው፤ ሲሞንድስ በ1877 ታሞ መጥቶ ነው የቀረው። ግን እሱ በሳናቶሪየም ሥርዓት የተያዘ ሰው አልነበረም። ሚስቱንና አራት ሴት ልጆቹን ይዞ ቤት ሠርቶ የሚኖር፣ ከገበሬው ጋር ወይን የሚጠጣ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ባይኖር ኖሮ ሕይወቱ እንዲህ ያለ መልክ አይኖረውም ነበር። ስለዚህ ድንበሩን ትንሽ ላስፋው፦ ጨዋታውን የፈጠረው ጤነኛውና እያገገመ ያለው አብረው የኖሩበት ቤት ነው።

ስኪ የመጣው ከሁሉ ኋላ ነው። እዚህ ላይ ኖርዌያውያን ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ስኪ የነሱ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የቴሌማርክ ገበሬ የሚሄድበት ነው፤ መካከለኛውን አውሮፓ ያነቃውም ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1888 ግሪንላንድን በስኪ አቋርጦ የጻፈው መጽሐፍ ነው። አልክድም። ብራንገሮቹም የተማሩት የኖርዌይን ጥበብ ነው፤ የዳቮስ ሰው እየሳቀባቸው ሲቸገሩ በጨለማ ወጥተው ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን ስኪ ማወቅና ለስኪ ብሎ ቤት ዘግቶ፣ ጓደኛ አስከትሎ፣ ሆቴል ይዞ መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኖርዌይ ገበሬ ስኪ የሚጫማው ከቤቱ ደጃፍ ነው። ዕረፍት የሚሆነው ከሩቅ ለሚመጣው ሰው ነው፤ ለዚያ ደግሞ በብርድ ወራት የማይዘጋ ሆቴል፣ በበረዶ የማይቆም ባቡር፣ ሐኪም፣ ሙዚቀኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ አስቀድሞ መኖር አለበት። ዳቮስ ውስጥ ይህን ሁሉ የከፈለው የበሽተኛው ቤተሰብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የበሽተኛ ሽታ ያልነበረባቸው የስኪ መንደሮች መኖራቸው ነው። የእንግሊዝ መንገደኞችን በቡድን ያመጣ የነበረው ሄንሪ ለን በ1890ዎቹ ግሪንደልቫልድን፣ ኋላም ሙረንን የክረምት ማረፊያ አደረገ፤ ልጁ አርኖልድ በ1922 የስላሎምን ውድድር ሙረን ላይ አቆመ። በኦስትሪያ ቅዱስ አንቶንም ሐነስ ሽናይደር ከ1907 ጀምሮ ስኪ ሲያስተምር በዙሪያው የሚተፋ በሽተኛ አልነበረም። ሴንት ሞሪትስ ደግሞ የራሷ ተረት አላት፤ ሆቴለኛው ዮሐነስ ባድሩት በ1864 በጋ ላይ ለእንግሊዛውያን እንግዶቹ በክረምት ብትመጡ ትወዱታላችሁ ብሎ እንደተወራረደ ይተረካል። ተረቱ የተደጋገመ እንጂ በጊዜው በተጻፈ ማስረጃ የቆመ አይደለም። ሌሎቹን በተመለከተ ክርክሬን ላጥብበው ግድ ይላል፦ እያንዳንዱን የስኪ መንደር አስታማሚ አልሠራውም። ሆኖም እነዚያ ሆቴሎች ሲከፈቱ በብርድ ወራት ወደ ተራራ መውጣት እብደት አለመሆኑን አስቀድሞ ያሳየ ነበረ። አንዳንዶቹ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን እንግዳ አንቀበልም ብለው እስከ ማስታወቅ መድረሳቸው ራሱ ይመሰክራል። በክረምት ወደ ከፍታ የሚወጣ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው በሽታ ባይሆን ኖሮ ማስታወቂያው ባላስፈለገም።

ቶማስ ማንም የሚታወስበት ቦታ ይህ ነው። በ1912 ሚስቱ ካትያ ዳቮስ በሚገኘው ቫልድሳናቶሪየም በተኛች ጊዜ ሊጠይቃት ሄዶ ጥቂት ሳምንታት ቆየ፤ በ1924 የወጣው «አስማተኛው ተራራ» የተባለው ልብ ወለዱ ከዚያ የተወለደ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሐንስ ካስቶርፕ የታመመ ዘመዱን ለሦስት ሳምንት ሊጠይቅ መጥቶ ሰባት ዓመት ይቀራል። በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚታወሰው ምዕራፍ የበረዶው ነው፤ ካስቶርፕ ከሳናቶሪየሙ ሥርዓት ውጭ፣ ተደብቆ ስኪ ገዝቶ፣ ተለማምዶ፣ ብቻውን ተራራ ወጥቶ ሞት አፋፍ ይደርሳል። ቶማስ ማን ሁለቱን ሕይወት፣ ሰገነቱንና ቁልቁለቱን፣ ያገናኘው በጠያቂ እግር ነው። የታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ሊመርጥ አይችልም ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በገመድ የሚጎተተው የፓርሰን ባቡር በ1931ና 1932 ተሠርቶ ቫይስፍሉዮኽ ድረስ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ አወጣ። በ1934 የገና ዋዜማ በቦልገን ሜዳ ላይ የዙሪኩ መሐንዲስ ኤርንስት ኮንስታም የነደፈው ጎታች ገመድ ሥራ ጀመረ። ቀድሞ አንድ ጊዜ ለመውረድ ግማሽ ቀን ሙሉ በእግር መውጣት ነበር፤ አሁን ያው ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ብዙ ሳይቆይ ገመዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚደገፍበት እንጨት ተገጠመለት፤ ወደ ላይ የሚደረገው ጉዞ፣ ድሮ ትንፋሽ የሚያሳጥረው፣ የጨዋታ ጊዜ ሆነ። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽተኛው እቤቱ ሆኖ የሚድን ሆነ። ሳናቶሪየሞቹ ባዶ ቀሩ። እዚህ ላይ ከተማዋ ልትሞት ትችል ነበር፤ ብዙ የሕክምና መንደሮች በዚያ ዘመን ሞተዋል። ዳቮስን ያተረፋት ያ ሥራ ፈት አስታማሚ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲገነባው የኖረው ሌላው ሕይወት ነው። አልጋው ነበረ፣ ባቡሩ ነበረ፣ በረዶውን የሚያውቅ የአገር ልጅ ነበረ፤ የጎደለው በሽተኛው ብቻ ነው።

ካትያ ማን የተኛችበት ሕንፃም፣ ሆልስቡር ያላየው ሻትዛልፕም በ1950ዎቹ ሆቴል ሆኑ። ሻትዛልፕ ከከተማዋ 300 ሜትር ከፍ ብሎ ዛሬም አለ፤ እንግዳውን የምታወጣው የገመድ ባቡር ናት። ሰገነቶቹ እንደነበሩ ናቸው፤ ወደ ደቡብ ያያሉ፤ ስፋታቸው አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ እንዲተኛ ተለክቶ የተሠራ ነው። ከሰዓት በኋላ ጓደኛሞች ከቁልቁለቱ ተመልሰው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው፣ በተጋዳሚ ወንበሮቹ ላይ ጋደም ብለው ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ ይጫወታሉ።