ዋላስ ካሮዘርስና የናይለን ክር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል የምናስበው የጥጥ ፈትልን ወይም የሸረሪት ድርን ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ግን በድር ጉዳይ ለዓመታት ተሟግተዋል። ሐርና ጎማ፣ ጥጥም ጭምር፣ ከምን ተሠሩ? ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 በጽኑ ትስስር የተያያዙ እጅግ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ሲል፣ ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ትናንሽ ሞለኪውሎች ተከማችተው ነው እንጂ ይህን ያህል ግዙፍ ሞለኪውል የለም ባዮች ነበሩ።

ሙግቱን በቃል ሳይሆን በእጅ ሥራ ሊቋጭ የተነሣው አሜሪካዊው ዋላስ ካሮዘርስ ነው። በሀርቫርድ ያስተምር የነበረው ይህ ሰው በ1928 ወደ ዱፖንት ኩባንያ ሄደ፤ የሚመላለስበት ከባድ ትካዜም አብሮት ሄደ። ዘዴው ቀላል ይመስላል። ሁለት እጅ ያላቸውን ሞለኪውሎች ማገናኘት ነው። አንደኛው በሁለቱም ጫፉ አሲድ ቢይዝ፣ ሌላው በሁለቱም ጫፉ አልኮል ቢይዝ፣ እጅ ለእጅ በተያያዙ ቁጥር አንዲት የውኃ ሞለኪውል ትወጣለች፤ ሰንሰለቱም ይረዝማል።

ጠላቱ ያችው ውኃ ናት። ካልተወገደች ተመልሳ ትስስሩን ትፈታዋለች፤ ሰንሰለቱም አጭር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ካሮዘርስና ባልደረባው ጁልያን ሂል አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ እያሞቁ ውኃዋን አባረሯት። በ1930 ሂል የቀለጠውን ነገር ጫፉን ይዞ ቢስበው ቀጭን ክር ሆኖ ወጣ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ቢጎትተው፣ ይበጠሳል ሲባል እየጠነከረ እንደ ሐር አብለጨለጨ። (ሲጎተት የሚጠነክር ነገር! ሰው ቢሆን ኖሮ ስንት ይባልለት ነበር።) ዳሩ ግን ያ ክር ሙቀት አይችልም፤ ለልብስ አይሆንም።

መፍትሔው አልኮሉን በአሚን መተካት ሆነ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1935 ከካሮዘርስ ጓዶች አንዱ ስድስት ካርቦን ያለውን አሚን ስድስት ካርቦን ካለው አሲድ ጋር አዋሐደ። ውኃዋ ወጣች፤ ፖሊአማይድ ቀረ። በዚህ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን የተኙት ሰንሰለቶች በሃይድሮጅን አማካይነት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ስለዚህም ከ250 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም። ሜይ 15 ቀን 1940 ከዚህ ክር የተሠራ የሴቶች ስቶኪንግ በመላ አሜሪካ ለገበያ ቀረበ፤ ጦርነቱ ሲመጣም ክሩ ለፓራሹት ዋለ።

ካሮዘርስ ይህን አላየም። በ1936 የአገሩ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል አድርጎ መረጠው፤ እርሱ ግን የሐሳቡ ምንጭ እንደ ነጠፈ ያምን ነበር። በ1937 መባቻ ደግሞ የሚወዳት እኅቱ ሞተችበት። ኤፕሪል 29 ቀን 1937፣ 41 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፣ በፊላዴልፊያ አንድ ሆቴል ውስጥ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ሴት ልጁ የተወለደችው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ክሩ ናይለን ተብሎ ለሕዝብ የተነገረው ደግሞ በኦክቶበር 1938 ነው፤ ስሙን እንኳ አልሰማውም።